ምዕራፍ ሰባት፦ መፍጫው መጀመሪያ የሚሰበረው የት ጋ ነው?

በቀን አንድ ጊዜ ጀበና የሚጣድበት ቤት እናስብ። ለአንዱ ጀበና 50 ግራም የተቆላ ቡና ይፈጫል እንበል፤ በኤሌክትሪክ መፍጫ ይህን አድቅቆ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ግማሽ ደቂቃው በ365 ቀን ሲባዛ 3 ሰዓት ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ አገለገለ የምንለው መፍጫ በእርግጥ የሠራው 3 ሰዓት ነው። በሁለት ዓመቱ «ተቃጠለ» ተብሎ ከተጣለ ዕድሜ ልኩን የሠራው 6 ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተር በ6 ሰዓት ሥራ አያረጅም። በየቤቱ ጁስ መፍጫ ውስጥ ያለው ተራ የሚባለው ሞተር እንኳ በመቶ ለሚቆጠር ሰዓት መሥራት ይችላል። ታዲያ የቡና መፍጫውን ምን ገደለው? ርካሹን ልግዛ ወይስ የሚበረክተውን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ነው። ብዙዎቻችን ግን ነገሩን የምናየው ከዋጋው ተነስተን ነው፤ ውድ ከሆነ ይበረክታል፣ ርካሽ ከሆነ ይሰበራል እንላለን። ይህ ግማሽ እውነት ነው። አንድ መፍጫ በሕይወት የሚቆየው ከሁሉ ደካማው ክፍሉ እስከቆየ ድረስ ነው፤ የዋጋው ወረቀት ደግሞ ደካማው ክፍል የቱ እንደሆነ አይነግረንም።

ስለዚህ በከተሞቻችን በብዛት የምናየውን መፍጫ እንክፈተው። ከላይ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ክዳን አለው፤ ከሥሩ ትንሽ የብረት ጎድጓዳ፣ በጎድጓዳው መካከል ደግሞ ባለ ሁለት ክንፍ ስለት። ከታች ያሉትን ሦስት ወይም አራት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትተን (አንዳንዶቹ በላስቲክ እግሮቹ ሥር ይደበቃሉ) ቀፎውን ስናነሳ ሞተሩ ብቻውን ይቀራል። ይህ ሞተር በደቂቃ ከ20,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ነው። ዘንጉ የተቀመጠው ዘይት በጠጡ ሁለት ትንንሽ ብሮንዚናዎች ላይ ነው። ከላይኛው ብሮንዚና በላይ የቡና ዱቄት ወደ ታች እንዳይወርድ የሚከለክል ጎሚኒ አለ። በጎንና በጎኑ በስፕሪንግ የሚገፉ ሁለት የካርቦን ቁራጮች የሚሽከረከረውን መዳብ እየነኩ ኤሌክትሪክ ያቀብሉታል። ከሽቦው ጥቅል ጋር የታሰረ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ፊውዝም ይገኛል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ይቆርጣል፣ አንዴ ከቆረጠ ደግሞ ተመልሶ አይገናኝም። በመጨረሻም ከክዳኑ ላይ የወጣች ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች፤ ክዳኑ ሲገጠም ማብሪያውን የምትጫነው እሷ ናት። ክዳኑ ካልተገጠመ ስለቱ እንዳይነሳ የተደረገው ለጣቶቻችን ሲባል ነው።

አሁን መፍጫው የሚሞትባቸውን መንገዶች እንይ። ቡና ከምድጃው እንደወረደ፣ ገና እየጋለ ሲገባ ስሱ ክዳን በሙቀትና በቡናው ቅባት ይዳከማል፤ ጥርሷ አንድ ቀን ቀጭ ትላለች። ጎሚኒው ሲላላ የቡና ብናኝ ወደ ብሮንዚናው ይወርዳል፣ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ዘንጉ ይከብደዋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፊውዙ ይቆርጣል። እንግዳ በበዛበት ቀን ሦስት ዙር ሳያሳርፉ መፍጨትም እዚያው ያደርሳል። ካርቦኑም እያለቀ ይሄዳል። ሞተሩ ራሱ በእርግጥ «ተቃጠለ» የሚባልበት ጊዜ ግን ከሁሉ ያነሰው ነው። የቀሩት ሁሉ በጥቂት ሳንቲም የሚመረቱ ትንንሽ ነገሮች ናቸው።

መርካቶ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚጠግን አንድ ባለሙያ ዘንድ ቁጭ ብዬ ሥራውን አይ ነበር። አንዲት እናት በፌስታል የጠቀለሉትን መፍጫ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ተቃጠለብኝ» አሉት።

ሰካው፤ ዝም አለ። ስለቱ በሌለበት በኩል ቀጭን እንጨት ወደ ማብሪያዋ ቀዳዳ ከተት ሲያደርግ መፍጫው ባንዴ ጮኸ።

«እማማ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው። የተሰበረው የክዳኑ ጥርስ ነው።»

«ታዲያ ክዳኑን የት ላግኝ?»

«ለብቻው አይመጣም፤ ሌላ መፍጫ ሲጣል ካልተገኘ በቀር።»

ከአሮጌ ጀሪካን ላይ ጥፍር የምታህል ፕላስቲክ ቆርጦ በመበየጃው ጫፍ እያቀለጠ ክዳኑ ላይ ለጠፋት፣ ጠርዟንም በምላጭ አስተካከለ። ሴትየዋ ከፍለው ሲሄዱ እንጨት እየከተቱ ያለ ክዳን እንዳያስነሱት ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ነገራቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ከሚመጣው አብዛኛው እንዲህ ነው» አለኝ። በመደርደሪያው ላይ ክዳን ብቻ ያጡ፣ ሞተራቸው የሚሠራ መፍጫዎች ተደርድረው ነበር።

ርካሽነት ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ወደ ፈረንሳይ መሻገር ያስፈልጋል፤ የዘመናችን ሁለቱ የመፍጫ ዓይነቶች፣ ባለ ጥርሱና ባለ ስለቱ፣ ታሪካቸው እዚያ በደንብ ይታያልና። የፔጆ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1810 የእህል ወፍጮውን ወደ ብረት ማቅለጫ ለውጦ መጋዝና ስፕሪንግ መሥራት ጀመረ። በ1840 የመጀመሪያውን የቡና ወፍጮ አወጣ። መኪና የሠራው በ1889 ነው፤ ማለትም የቡናው ወፍጮ ከመኪናው በ49 ዓመት ይቀድማል። ወፍጮው ከእንጨት ሳጥን፣ ከእጅ መዘውርና ከጠነከረ ብረት ከተቀረጹ ጥርሶች ውጪ ሌላ ነገር አልነበረውም። ፍሬው በሁለት የጥርስ ረድፎች መካከል ሲወርድ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ይደቅቃል። የሚያዞረው የሰው እጅ ስለሆነ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፤ ሙቀት የለም፣ ካርቦን የለም፣ ፊውዝ የለም። ያለው ሁሉ በብሎንና በዳዶ የታሰረ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው ዛሬም በፈረንሳይ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ይሸጣሉ፣ ቡናም ይፈጫሉ።

ሐረርን የሚያውቅ አንባቢ ፔጆ የሚለውን ስም ከሌላ ነገር ጋር ያያይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው 404 ፔጆ በሐረር መንገዶች ለአሥርተ ዓመታት ታክሲ ሆኖ አገልግሏል። ያቆየው የብረቱ ውፍረት ብቻ አልነበረም፤ መካኒኩ ይፈታዋል፣ የጎደለውን ከሌላ 404 ያወጣለታል፣ ካልተገኘም ቀርጾ ይገጥምለታል። ያ የእጅ ወፍጮም ሆነ ይህ መኪና የቆዩበት ምክንያት አንድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱም ሲበላሹ ለሰው እጅ የሚከፈቱ ናቸው።

ሌላው የፈረንሳይ ታሪክ የዣን ማንትሌ ነው። ይህ ሰው በ1932 ድንችና አትክልት የሚፈጭ የእጅ ዕቃ አውጥቶ ዋጋውን እጅግ ዝቅ በማድረግ ገበያውን ያዘ። በ1956 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ርካሽ የቡና መፍጫ አመጣ፤ ድርጅቱም በተከታዩ ዓመት ሙሊኔክስ ተባለ። በተቀረጹት ጥርሶች ፋንታ ከብረት ሉህ የተቆረጠ አንድ ስለት፣ በእንጨትና በብረት ፋንታ ፕላስቲክ ቀፎ፣ በእጅ ጉልበት ፋንታ ትንሽ ፈጣን ሞተር። ይህ ንቀት የሚገባው ሥራ አይደለም። እስከዚያ ድረስ ጭናቸው መካከል ወፍጮ ይዘው ሲያዞሩ የነበሩ ብዙ ሴቶች ጉልበታቸው ዳነላቸው። ድርጅቱ በ2001 ከሰረ፣ ስሙን ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛው፤ የመፍጫው አሠራር ግን ዓለምን አዳርሷል። ዛሬ መርካቶ ውስጥ በየስሙ የሚሸጠው ባለ ስለት መፍጫ በመሠረቱ ያው ነው። ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ በተደረገው የዋጋ ፉክክር ክዳኑ እየሳሳ፣ ብሎኑ በሚሰነጠቅ ማያያዣ እየተተካ፣ መለዋወጫው እየጠፋ መምጣቱ ነው።

ባለ ጥርሱስ? በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ባለ ጥርስ መፍጫዎች የሞተሩን ፍጥነት በማርሽ ይቀንሱና ጥርሱን በዝግታ ያዞሩታል። ጥርሱ ራሱ ረጅም ዕድሜ አለው። አንድ ጥርስ 400 ኪሎ ቡና ይፈጫል ተብሎ ቢሠራ፣ በቀን 50 ግራም የሚፈጭ ቤት በዓመት የሚያደቅቀው 18 ኪሎ ያህል ስለሆነ ከ20 ዓመት በላይ ያገለግለዋል። እዚህም ግን ጥርሱ ቢተርፍ ሌላው ክፍል ይሰበራል። የሚገርም ምሳሌ የሚሆነን ባራትዛ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በዋሽንግተን ግዛት ተቋቁሞ 150 ዶላር ገደማ በሚሸጠው ኢንኮር በተባለ መፍጫው ታወቀ። በዚህ መፍጫ ውስጥ የውጪውን ጥርስ የሚይዝ የፕላስቲክ ቀለበት አለ፤ ጠጠር ገብቶ ጥርሱ ሲነክስ የቀለበቱ ጆሮዎች ቀድመው እንዲሰበሩ ታስቦ ነው የተሠራው። ቀለበቱ ሲሰበር ማርሹና ሞተሩ ይተርፋሉ። ኩባንያው ቀለበቱን በጥቂት ዶላር ለማንኛውም ሰው ይሸጣል፣ አቀያየሩንም ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ደካማው ክፍል የቱ እንደሚሆን አምራቹ ራሱ መርጦ፣ መለዋወጫውን አዘጋጅቶ ጠበቀ ማለት ነው። ፕላስቲክ መሆኑ ነውር ያልሆነበት ቦታ ይህ ነው። በተቃራኒው ዋጋው ሁለት እጥፍ ሆኖ ቀፎው በሙጫ የታሸገ፣ መለዋወጫ የማይሸጥለት መፍጫ አለ። ከሁለቱ የቱ ዘላቂ እንደሆነ ለመናገር አልቸገርም።

ጠጠር ያልኩትን የአገሬ አንባቢ በቀላሉ እንዳያልፈው እፈልጋለሁ። ከገበያ የምንገዛው ቡና ብዙ ጊዜ ከነገለባው ደርቆ በኋላ የተፈለፈለ ነው፤ ጀንፈሉ መሬት ላይ ሲሰጣ ጠጠር ይቀላቀላል። እናቶቻችን ቡና ሳይለቅሙ አይቆሉም። ባለ ስለቱ መፍጫ ትንሽ ጠጠር ቢገባው ጮኾ ያልፋል፤ ሙቀጫማ ጉዳዩም አይደለም። ባለ ጥርሱ ግን አንዲት ጠጠር ትበቃዋለች። ጥርሱ ብረት ከሆነ ይጎደጎዳል፣ ሴራሚክ ከሆነ ይሸረፋል። ሴራሚክ ከብረት ይልቅ ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን እንደ ስኒ ተሰባሪ ነው። በዚህም ምክንያት ጥሩ የተለቀመ ቡና የማያገኝ ቤት ሴራሚክ ጥርስ ያለውን የእጅ ወፍጮ ባይገዛ እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ሌላ ጥያቄ ለጀበና ባለ ጥርስ መፍጫ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። በወረቀት ማጣሪያ ወይም በኤስፕሬሶ ማሽን ለሚጠጣ ሰው ያስፈልጋል። ዱቄቱ እኩል ካልደቀቀ ደቃቁ ይመራል፣ ሻካራው ጣዕሙን ሳይሰጥ ይቀራል፤ ኤስፕሬሶ ደግሞ በባለ ስለት መፍጫ ፈጽሞ አይሆንም። ጀበና ግን ዱቄቱን ከውኃው ጋር አፍልቶ አተላውን ወደ ታች የሚያሰክን አሠራር ነው፤ አነስተኛ የድቀት ልዩነትን ይችላል። በሙቀጫና በዘነዘና የተወቀጠ ቡናም እኩል የደቀቀ አይደለም፤ አቦሉ ግን አቦል ነው። በዚያ ላይ የእኛ ቤት መፍጫ ቡና ብቻ አይፈጭም። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ተልባው ሁሉ በተራው ይገባበታል። ባለ ጥርስ መፍጫ ላይ ተልባ ማፍሰስ ማበላሸት ነው፤ ቅባቱ በጥርሱ መካከል ይጋገራል፣ ሽታውም አይለቅም። የባለ ስለቱ ጎድጓዳ ግን በጨርቅ ይጠረጋል። ስለዚህ ጀበና ብቻ ለሚጥድ ቤት ርካሹን ባለ ስለት መፍጫ መግዛት ትክክለኛ ምርጫ ነው። ለማይፈለግ ትክክለኛነት መክፈል ቁጠባ አይደለም።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን መፍጫ ገዝተው ወደ አገር ቤት ሲልኩ አንድ ነገር ቢያስቡልን እወዳለሁ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ከዋሽንግተን የመጣ መፍጫ እዚህ በቀጥታ ሲሰካ ሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከእጥፍም አልፎ ከሦስት እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል። ለእናት በፍቅር የተላከ ውድ መፍጫ የመጀመሪያዋን ቡና ሳያደቅቅ ይሞታል። ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፤ ግን ትራንስፎርመሩ ራሱ ዋጋ አለው፣ ከመፍጫው ዋት በላይ የሚችል መሆን አለበት፣ አንድ ቀን ደግሞ የቤት ሰው ረስቶ በቀጥታ ይሰካዋል። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የሚመጣው ከእኛ መብራት ጋር ይስማማል፤ ሶኬቱን ማስቀየር ብቻ ሊያስፈልገው ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያሉት ደግሞ አዲስ ዕቃ ሲገዙ ሕጉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ዋስትና እንደሚሰጣቸው ያውቃሉ፤ ዋስትናው ግን ዕቃው አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ለማስመለስ ይከብዳል። በሻንጣ ለሚጓዝ ስጦታ ጥሩ የብረት ጥርስ ያለው የእጅ ወፍጮ ከሁሉ ይሻላል። መብራት ቢጠፋም ቡናው አይቀርም።

ሱቅ ገብተው ሲመርጡ የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ዋቱን አይመኑት፤ ብዙ ዋት ብዙ ጉልበት እንጂ ረጅም ዕድሜ አይደለም። መፍጫውን ገልብጠው ይዩት። ብሎን ካለው ይከፈታል፣ ከተከፈተ ይጠገናል። ከሥሩ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ኬቢ ተብለው የሚነበቡ ሁለት የላቲን ፊደሎች ካሉ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፤ ሞተሩ ሳያርፍ የሚሠራበት ረጅሙ ጊዜ ነው፣ 30 ሰከንድ ወይም አንድ ደቂቃ ይል ይሆናል። ከዚያ በላይ የሚያስኬደው ሰው ፊውዙን እየጠራው ነው። የእጅ ወፍጮ ከሆነ ጥርሱን ከታች ይያዙና ወደ ጎን ይወዝውዙት። ዘንጉ በሁለት ኩሽኔታ የተያዘ ከሆነ አይላወስም፤ ከላይ ብቻ የተያዘው ግን ገና አዲስ ሳለ ይወላገዳል፣ ዱቄቱም በዚያው ልክ ይወላገዳል። ቤት ከገባ በኋላ የቀረው የእርስዎ ድርሻ ነው፤ የተቆላው ቡና ጭሱ ለእንግዳ ከዞረ በኋላ በሰፌድ ላይ ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ መፍጫው በየዙሩ ይረፍ፣ ከአገልግሎት በኋላም ከሶኬቱ ይነቀል።

ሒሳቡ ራሱ በአገራችን ተለውጧል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ አዲስ መፍጫ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል፤ የጠጋኙ እጅ ግን የሚከፈለው በብር ነው። ድሮ «ከማሠራት አዲስ መግዛት ይሻላል» ይባል የነበረው ለብዙ ቤት ዛሬ አያዋጣም። ስለዚህ የተበላሸውን መፍጫ ከመጣልዎ በፊት ክዳኑን፣ ካርቦኑንና ፊውዙን ያስፈትሹ።

የመጨረሻው ቃሌ ለአስመጪዎችና ለነጋዴዎች ነው። ርካሽ መፍጫ ማስመጣታችሁ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ቤት መፍጫ ይገባዋል። ግን በአንድ ካርቶን መፍጫ ውስጥ ጥቂት ትርፍ ክዳን፣ ጥቂት ካርቦንና ጎሚኒ አብራችሁ አስጭኑ። ክብደታቸው ከምንም አይቆጠርም፣ ዋጋቸውም እንዲሁ። ገዢም ከመክፈሉ በፊት «ክዳኑ ቢሰበር ለብቻው ትሸጡልኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ አዎ የሚለውን ሱቅ ይምረጥ፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ከእሱ ይግዛ።